የግራዝማች ሽባባው ደርብ ቤት

«ያቺ የአዘናዋ ሴትዮ ዛሬ ተሰናበተች በለኝ» አለ አንዱ። «ነገረ ፈጁ ወረቀቱን አግኝቶታል። ወንድሟ ድሮ ፈርሞ የለም እንዴ! ግራዝማች ሽባባው ከእኔ በቀር ልጅ የላቸውም ብሎ።»

«ማን? አበረ?»

«አበረ ነዋ፤ የመዝገብ ቤቱ።»

ሁለቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ይህን ሲነጋገሩ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ስሜነሽ ሽባባው ጀርባዋን ለድንጋዩ ግድግዳ ሰጥታ የኅዳርን የጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች። መጀመሪያ ስለሌላ ሰው የሚያወሩ መሰላት። ከአዘና ተነሥቶ ዳንግላ ድረስ ለክስ የሚመላለስ ሰው እሷ ብቻ አይደለችም። ግራዝማች ሽባባው ግን አንድ ናቸው፤ አበረ የሚባል ልጅ የነበራቸውም እሳቸው ናቸው። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ እዚያው ቆመች። ትናንት ማታ እኮ ያደረችው አበረ ቤት ነው። እግሯን ያጠበችበትን ውኃ ያሞቀላት የአበረ ሚስት ናት፤ መደቡ ላይ ቁርበቱን አንጥፎ፣ የራሱን ጋቢ ደርቦ፣ «እግዜር ያቅናልሽ እትዬ» ብሎ መብራቱን ያጠፋው አበረ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ይህ ሰባተኛ ቀጠሮዋ ነው፤ በሰባቱም ያደረችው እዚያው ነው። ግንቦት ላይ መጀመሪያ ስትመጣ አብረን እንክሰስ ብላው ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መንግሥትን መክሰስ አይሆንልኝም። አንቺ ግን ግፊበት» አላት። እውነቱን ነው ብላ ተቀበለችው። ገፋችበትም።

ጀርባዋን የሰጠችው ግድግዳ የአባቷ ነው። ግራዝማች ሽባባው ደርብ ቤቱን ያሠሩት እሷ በተወለደች ዓመት ነበር። ድንጋዩን በሬ ጎትቶ፣ ጽዱን ሰው ተሸክሞ፣ የጣራውን ቆርቆሮ በቅሎ ጭኖ ነው ያመጣው ይባላል። ያን ጊዜ በአካባቢው ሳር ያልለበሰ ቤት እሱ ብቻ ስለነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ድምፁን ለመስማት ሰው በረንዳው ሥር ይሰበሰብ ነበር። ከታች የበቅሎ ጋጣና ጎተራ፣ ከላይ ሦስት ክፍልና አንድ የእንጨት ሰገነት። ስሜነሽ አሥራ አምስት፣ አበረ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ጣሊያን ገባ። ቤቱን ለመኮንኖቹ ፈልጎት እስከ ምሳ ሰዓት ልቀቁ አላቸው። አባቷ ጫካ ገቡ፤ በሦስተኛው ዓመት መሞታቸው ተሰማ፤ መቃብራቸው ግን የት እንደሆነ አልታወቀም። እናቷ ሁለቱን ልጆች ይዛ አዘና ዘመዶቿ ዘንድ ተጠጋች። ጣሊያን ቤቱን ኖራ ቀባው፤ በየመዝጊያው ላይ ቁጥር ጻፈበት፤ ጎተራውን አፍርሶ የዳቦ ምድጃ ሠራበት። እሱ ሲሄድ «የጠላት ንብረት ነው» ተባለና መንግሥት ወረሰው። አንድ ዓመት የስልክ ቤት ሆነ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሆነ፤ አበረ ከአዘና ተመልሶ ማንበብና መጻፍ የተማረው እዚያ ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት ሆነ፤ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው። አሁን ግን ከገበያው ማዶ አዲስ የብሎኬት ቤት አልቋል፤ ፍርድ ቤቱ ከገና በፊት ወደዚያ ይዛወራል። ደርብ ቤቱ ደግሞ ለእስር ቤት ተመድቧል። ስሜነሽ ይህን የሰማችው ከአንድ የጨው ነጋዴ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ያለችውን ቤት ለመጠየቅ ያስነሣትም ይኸው ነው። የሰው ልጅ ቢማርበትም ቢካሰስበትም ዝም ብላለች። ሰው ሊታሰርበት ነው ሲባል ግን እንቅልፍ አጣች። የታችኛው ቤት መስኮቶች ብረት ገብቶላቸዋል፤ ለላይኛው የሚሆነው ብረት እሷ የቆመችበት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይታያል።

ችሎቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ተላላኪው ስሟን ጠርቶ፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ተገኚ» ብሏት ገባ። እሷም ከግቢው ወጥታ ማመልከቻ ጸሐፊው የኔታ ዓለምነው ወዳሉበት የባሕር ዛፍ ጥላ ሄደች። የኔታ ዓለምነው ድሮ ቅኔ የተማሩ፣ ዓይናቸው ሲደክም ትልቅ መነጽር ገዝተው በሰው ጉዳይ የሚያድሩ ሽማግሌ ናቸው። ለአንድ ገጽ ስሙኒ ያስከፍላሉ፤ እንደ እሷ ላለች መበለት ግን ምክሩ በነጻ ነው። የሰማችውን ነገረቻቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ?»

«እንደዚያ ነው የሰማሁት።»

«መቼ?»

«ድሮ ነው ያሉት። መቼ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ የኔታ? ያለሁ መስሎኝ ነበር የምመላለሰው።»

አንድ ባለጋሪ ለፈረሱ እያፏጨ ሲያልፍ፣ ሽማግሌው ወረቀታቸው ላይ የወረደውን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ወረቀቱ ከቀረበ ዳኛው አንድ ነገር ነው የሚጠይቁሽ። አበረ ሲፈርም መኖርሽን ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ነበር ካልሽ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው፤ ይፈርሳል። የቤቱ ነገር ከሥሩ ይታያል፤ ሁለቱ ሽማግሌ ምስክሮችሽም በደንብ ተናግረውልሻል፤ ልትረቺ ትችያለሽ። ግን ለመንግሥት የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ወኅኒ ይወርዳል፤ ሥራውም ይቀራል። አያውቅም፣ የሞትኩ መስሎት ነው ካልሽ ደግሞ በቅን ልብ የፈረመው ነው ይባላል። መንግሥትም በቅን ልብ ተቀብሎ ይህን ያህል ዘመን ይዞታል። እሱ ይድናል፤ ቤቱ ግን ያን ጊዜ አለቀለት።»

«ስሜስ?»

«ስምሽ ምን?»

«ወረቀቱ ላይ የለሁማ የኔታ። የአባቴ ልጅ አይደለሁማ።»

«በሁለቱም መንገድ መኖርሽ ይጻፋል። መጻፉ ብቻውን ግን ምን ያደርግልሻል?»

ልትከፍላቸው መቀነቷን ስትፈታ እጇን ያዟት፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተነሣች።

የአበረ ቤት ከገበያው በስተጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሳር። ዘንድሮ ሌላውንም ግማሽ ቆርቆሮ አለብሳለሁ እያለ ሦስት ክረምት አልፎታል። ሚስቱ ዋጋዬ የቡሬ ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም። ነቢያት ጾም ስለገባ ሽሮ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ለእንግዳዋ በርበሬውን ቀነስ አድርጋ ለብቻው አውጥታላታለች፤ ስሜነሽ ጨጓራዋን እንደሚያማት ታውቃለች። ውኃ እያስታጠበች ስለ በርበሬ ዋጋ አወራች፤ ቡሬ ላይ ረክሶ ዳንግላ ላይ ለምን እንደሚወደድ፣ ባለመኪኖቹ እንዴት እንደሚጫወቱ፣ የአዲሱ ፍርድ ቤት ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ ሴቶች ባዶ እግራቸውን ቢቆሙበት እንዴት እንደሚበርዳቸው። አበረ አንድ ጊዜ ጎረሰና እጁን መሶቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ስሜነሽ አየችው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ የቀኝ እጁ መሐል ጣት በቀለም ጠቁሯል። ሌላ ጊዜ እሷና እሱ ዋጋዬ እንዳትሰማ አንዳንድ ነገር በአገውኛ ይባባላሉ፤ ዋጋዬም «አሁን እኔን ነው ያማችሁት» እያለች ትስቃለች። ዛሬ አንዳቸውም ቃል አላወጡም። ዋጋዬ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ምነው? ቤት ውስጥ ሰው የሞተ መሰለ» አለችና ልትስቅ ስትል ተወችው።

«እትዬ፣ ይጉረሱ እንጂ። ረኃብ ይዞ ችሎት አይቆምም።»

«በልቻለሁ የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ።»

አበረ ተነሣ። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰ፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ዳሰሰ። «ተነሺ» አላት፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። «ቢሮው ሳይከፈት ላሳይሽ የምፈልገው ነገር አለ።»

እስከ ደርብ ቤቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ ሆነው ሄዱ። ዘበኛው ከአበረ ጋር ስላያት አልከለከላትም። ባለጉዳይ ከምድር ቤቱና ከግቢው አያልፍም፤ ስሜነሽ ሰባት ጊዜ ተመላልሳ አንድ ቀንም ደረጃውን አልወጣችም። አሁን እግሯን ስታነሣ መርገጫዎቹ በመሐል ጎድጉደው አየች። የጣሊያን ቦቲ፣ የተማሪ እግር፣ የባለሥልጣን ጫማ ሲረግጠው የኖረ ጽድ ነው። አምስተኛው መርገጫ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ሳያስቡት እግራቸውን ወደ ግራ አደረጉ፤ በልጅነታቸው እዚያ ጋ በቀኝ በኩል የተነሣ ሚስማር ነበር። አበረ ዞር ብሎ አያት፤ ወዲያው ፊቱን መለሰ።

መዝገብ ቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ክፍል ነው፤ የእናታቸው ክፍል። በመዝጊያው ላይ ጣሊያን የጻፈው ቁጥር በቡናማ ቀለም ተቀብቶበትም ያስታውቃል። በግድግዳው ዝቅ ብሎ ተማሪዎች በሚስማር የጫሩት ፊደል አለ፤ ከሀሁ ጀምሮ ለሉ ላይ ያቆማል። እስከ ጣራው ድረስ በመደርደሪያ ላይ መዝገብ ተከምሯል፤ በገመድ የታሰረ፣ ዳሩን አይጥ የበላው፣ የሰው ድንበር፣ የሰው ፍች፣ የሰው ደም ያለበት መዝገብ። ክፍሉ አቧራና ቀለም ይሸታል። የአበረ ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ሳይሆን ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ላይ ነው ያለው።

«አልጋው እዚህ ነበር» አለ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየነካ። «መስኮቱ ጋ ብትቀመጥ ይሻልሃል ይሉኛል። እኔ እምቢ አልኩ።»

ስሜነሽ መሐል ቤት ቆማ ጠበቀችው። ቀጥሎ የሚለውን ግን ሊጀምረው አልቻለም። እሷ ጀመረችለት። በአገውኛ ነው የተናገረችው፤ ይህ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ የሚያውቀው ቋንቋ እሱ ነው።

«ጠዋት ሰማሁ። መስኮት ሥር ቆሜ ሰማሁ፣ አበረ። ከአፍህ ብሰማው ይሻል ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ታላቅ እህቱ ቆማ እያለች መቀመጡን ልብ አላለም። «በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው» አለ። «እማ በሞተች በዓመቱ። መንግሥት ቤቱን ይዞታል፤ ግን ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ፈለጉ። የዚያን ጊዜው ሹም ጠራኝ። ወራሽ ሆነህ ከፈረምክልን፣ ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ እንፈልጋለንና ቦታው ያንተ ነው አለኝ። እህት አለችኝ አልኩት። አልኩት እትዬ፣ በማርያም አልኩት! እሷን ከአዘና ማስመጣት፣ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ምስክር መስማት ዓመት ይፈጃል፤ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ብቸኛ ነኝ ብለህ ጻፍ፣ ማን ይጠይቅሃል አለኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጫማ አልነበረኝም። ጻፍኩ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉስ?»

«ለፋሲካ ስመጣ እነግራታለሁ እላለሁ። ስመጣ በግ አርደሽ ትጠብቂኛለሽ። እንዴት ብዬ ልናገር?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከፈለግሽ ትፊበት። አንቺ ይህን ቤት አጥተሽዋል። እኔ አላጣሁትም። ስማርበትም አልወጣሁም፤ ስሠራበትም አልወጣሁም። ጣራው ሲያፈስ በራሴ ደሞዝ አስደፍኜዋለሁ። በየቀኑ ቁልፌን አውጥቼ እከፍተዋለሁ፤ ልክ እንደ ባለቤት። የፈረምኩት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም። እዚህ መግባት ፈልጌ ነው።» ወደ ግድግዳው አየ። «አሁን እነሱ ወደ ብሎኬቱ ይሄዳሉ። አንቺ ዛሬ ያውቅ ነበር ካልሽና ቤቱ ካልተመለሰልሽ፣ እኔ ወደዚህ ቤት የምመለሰው እስረኛ ሆኜ ነው። በዚህም አልፈርድብሽም።»

ከታች ዘበኛው ሲያስል ይሰማል። በዚህ ክፍል ስድስት ዓመቷ ሳለ የሆነው ትዝ አላት፤ ዝናብ ነበር፤ አዋላጇ ከደረጃው ላይ ትጣራለች፤ ሴቶቹ ሁሉ እናቷን ይዘዋል።

«አንተ እዚህ ስትወለድ የሞቀ ውኃ ያቀበልኩ እኔ ነኝ» አለችው። «ከአዋላጇ እጅ ቀጥሎ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ። አባታችን በር ላይ ቆመው ምንድን ነው ሲሉ፣ ወንድ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንተ ልጅ መሆንህን እኔ ተናገርኩ። አንተ እኔን ልጅ አይደለችም ብለህ ጻፍክ።»

አበረ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷም አልነካችውም። ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ችሎቱ ምድር ቤት፣ ድሮ የበቅሎ ጋጣ በነበረው ሰፊ ክፍል ተሰየመ። ዳኛው አቶ አስማረ ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው የመጡ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። አግዳሚው ላይ ሃያ ያህል ባለጉዳይ ተቀምጧል፤ አበረ መዝገብ አቅራቢ ስለሆነ ከዳኛው ጠረጴዛ በስተግራ ቆሟል። ነገረ ፈጁ ተነሥቶ ወረቀቱን አነበበ። «እኔ አበረ ሽባባው፣ የሟቹ የግራዝማች ሽባባው ብቸኛ ልጅና ወራሽ ስሆን፣ ከእኔ በቀር ሌላ ተወላጅ አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ቤቱን ለመንግሥት በፈቃዴ ሰጥቻለሁ።» ቃሉ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከጠዋቱ ይልቅ ከበደ። ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰው «እሰይ!» ብሎ በምፀት ሳለ። ዳኛው ቀና ብለው አበረን አዩት፤ እንደገና ወረቀቱን አዩ።

«ቅረቢ» አሏት። መጽሐፉ መጣ፤ እጇን ጫነችበት፤ እውነት ልትናገር ማለች። መጽሐፉ ቀዝቃዛ ነበር።

«ስምሽ?»

«ስሜነሽ ሽባባው ጌታዬ።»

«የግራዝማች ሽባባው ልጅ ነሽ?»

«የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ።»

«ይህን ወረቀት የፈረመው ሰው ወንድምሽ ነው?»

«የእናቴም የአባቴም ልጅ ነው።»

«እንግዲያውስ በደንብ አስቢና መልሺልኝ» አሉ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው። «ይህን ሲፈርም አንቺ በሕይወት መኖርሽን ያውቅ ነበር?»

አበረ ጫማውን ያያል። ስሜነሽ ግን ከዳኛው ጀርባ ያለውን መስኮት ነበር የምታየው፤ በአዲሱ ብረት መሐል የግቢው ባሕር ዛፍ ተቆራርጦ ይታያል። ልታሸንፍ ትችላለች። አንድ ቃል ነው። ያሸነፈችው ቤት ግን ወንድሟን አሳስራ ያገኘችው ቤት ይሆናል፤ በሰገነቱ ላይ ቆማ ፀሐይ ብትሞቅ፣ በሩን ዘግታ ብትተኛ፣ ወንድሟ ከሌላ ብረት ኋላ እንደተቀመጠ እያወቀች ነው። ዋጋዬ ለብቻው ያወጣችላት ሽሮም ትዝ አላት። እጇ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ነው።

«አያውቅም ነበር ጌታዬ» አለች። «በጠላት ጊዜ ተበታተንን። እኔን ሞታለች ብለውት ነበር።»

«አዘና ነው ያለሽው። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

«አዘና ሩቅ ነው ጌታዬ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዳኛው ብዕራቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ አበረን ተመለከቱት። «አንተስ ምን ትላለህ? እንደዚህ ነው?»

«እሷ ያለችው ይጻፍልኝ ጌታዬ» አለ አበረ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሣ።

መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዳኛው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «አንተ ተወው። ይህን ቃል አበረ ይጻፈው። ተቀመጥ፣ አበረ። ጻፍ።»

ጸሐፊው ወንበሩን ለቀቀለት። አበረ ተቀምጦ የእሷን ቃልና ዳኛው የነገሩትን ውሳኔ መጻፍ ጀመረ፤ የብዕሩ ድምፅ ከአግዳሚው ይሰማል። ሁለት ጊዜ ቀለም ነከረ። አንድ ጊዜ አቁሞ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። ሲጨርስ፣ «አንብበው፤ ጮክ በል» ተባለ።

«ወይዘሮ ስሜነሽ ሽባባው» ብሎ ጀመረ፤ አቆመና ደገመው። «ወይዘሮ ስሜነሽ ሽባባው፣ የሟቹ የግራዝማች ሽባባው የመጀመሪያ ልጅ፣ የእኔ ታላቅ እህት…»

«በመዝገብ ላይ ‹የእኔ› የሚባል የለም» አሉ ዳኛው። «‹የአቶ አበረ ሽባባው ታላቅ እህት› በልና አስተካክል።»

አበረ ሰርዞ አስተካከለ። ከዚያ ቀሪውን አነበበ፤ በሕይወት የምትገኝ መሆኗን፣ ቤቱን ግን መንግሥት በቅን ልብ በተሰጠ ፊርማ ተቀብሎ ከአሥር ዓመት በላይ ስለያዘው ጥያቄዋ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን። ቀለም የተነከረውን ጨርቅ አቀረቡላትና አውራ ጣቷን ጠቅ አደረገች። ጣቷ ያረፈው ስሟ አጠገብ መሆኑን ጠይቃ አረጋገጠች። «አዎ፣ እዚህ ጋ ነው፤ ይኸው ስሜነሽ ይላል» አላት አበረ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

እንጅባራ ድረስ የሚሄድ የጭነት መኪና በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል፤ የክርስትና ልጇ ቤት አድራ ጠዋት ወደ አዘና ትወጣለች። እስከ መኪናው የሚያደርሳት ጋሪ ላይ አንድ እግሯን እንዳወጣች አበረ ከግቢው ሮጦ ደረሰባት። ኮቱን አልለበሰም።

«እትዬ፣ ዛሬ እደሪ። ዋጋዬ ምን ትለኛለች? እባክሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«እንዳታደርገው» አለችው። ባለጋሪው ፊቱን ወደ ፈረሱ መለሰ። ስሜነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟል። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፣ አበረ። ከእስር ነው ያወጣሁህ። በመጽሐፍ ላይ እጄን ጭኜ ዋሽቻለሁ፤ ይህን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ የሚሉኝን እሰግዳለሁ። አንተም የራስህን ለራስህ አባት ተናገር። ለዋጋዬም ዛሬውኑ ንገራት፤ ከመስኮት ሥር እንዳትሰማው። ሌላው ጊዜ ይፈልጋል። እኔም አላውቀውም።»

«እሺ» አለ።

«ነዳው ልጄ» አለች ባለጋሪውን።

ጋሪው ተነሣ። አበረ የጋሪውን ጠርዝ አልለቀቀም፤ አጠገቧ ይሄድ ጀመር። ገበያውን አለፉ፤ አዲሱን የብሎኬት ቤት አለፉ። ሠራተኞች በሩን አረንጓዴ ቀለም ይቀባሉ፤ አንዱ አበረን አውቆት ከመሰላሉ ላይ ሰላምታ ሰጠው፤ አበረ አልሰማውም። ኮረኮንቹ ሲጀምር የቢሮ ጫማው ይንሸራተት ገባ። ባለጋሪው ይህን አይቶ፣ ማንም ሳይነግረው ልጓሙን ሰብሰብ አድርጎ ፈረሱን በእርምጃ አስኬደው። ስሜነሽ ወደ ፊት እያየች ብዙ ሄደች። የከተማው ዳር ላይ፣ መኪናው ከሚቆምበት ባሕር ዛፍ ሳይደርሱ፣ እሱ ሲያነክስ ሰማች።

«ተመለስ እንግዲህ» አለችው፣ በአገውኛ። «በርዷል። ኮት አልለበስክም።»

አበረ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ግን አልተመለሰም፤ እጁን ጋሪው ላይ እንዳደረገ አብሯት ሄደ።